ከተረት ወጥቶ መሸታ ቤት ያልደረሰው ልጅ ምን ያንብብ?

«ልብ አንጠልጣይ መጽሐፍ ልጅ ያበላሻል» የሚለው ፍርድ በየቤታችንም ሆነ በየትምህርት ቤቱ ይግባኝ የለውም። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ትራስ ሥር የወንጀል ምርመራ ልቦለድ ከተገኘ መጽሐፉ ይነጠቃል፤ ተግሣጹም ይከተላል። ታሪኩ ሌሊት ሌሊት ስለሚዞሩ ጓደኛሞች ከሆነማ አለቀለት! «ዱርዬነት ያስተምራል» ይባላል። ለመሆኑ ፈራጆቹ መጽሐፉን ገልጠው አይተውታል?

ነገሩን ከሥሩ እንየው። የዚህ ዓይነቱ ድርሰት አባት የሚባለው አሜሪካዊው ኤድጋር አላን ፖ እ.ኤ.አ. በ1841 ዱፐን የተባለ መርማሪ ፈጠረ። ዱፐንና ወዳጁ ቀን መስኮታቸውን ዘግተው በሻማ ብርሃን ሲያነቡና ሲጨዋወቱ ይውላሉ፤ ሲመሽ ተያይዘው የፓሪስን ጎዳናዎች ይዞራሉ። እንግዲህ የሌሊት ጓደኛሞች ከድርሰቱ ጋር አብረው የተወለዱ እንጂ የትናንት ዱርዬዎች አይደሉም። ጀርመናዊው ኤሪክ ኬስትነርም እ.ኤ.አ. በ1929 ሌባ ተከታትለው የሚያስይዙ የበርሊን ልጆችን ታሪክ ጻፈ። ያን ያነበበ ልጅ የተማረው መስረቅን ነው ወይስ ሌባን ማጋለጥን?

እኛስ ሌሊታችንን ለማን ሰጠነው? ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር በ«ሌቱም አይነጋልኝ» የውቤ በረሃን ሌሊት አሳይቶናል፤ መጽሐፉ ግን የአዋቂ ነው። ማሞ ውድነህ በስለላ መጻሕፍት፣ ይልማ ሀብተየስ በወንጀል ምርመራ ልቦለዶች ብዙ አንባቢ አፍርተዋል፤ ዓለማቸው ግን የአዋቂ ዓለም ነው። ከዚህ ወረድ ስንል የምናገኘው የጦጣና የጅብ ተረት ነው። መሐሉ ባዶ ነው። ከተረት የወጣ፣ መሸታ ቤት ያልደረሰ ልጅ ምን ያንብብ? መልስ ስናጣ «የዛሬ ልጅ ንባብ አይወድም» ብለን ጥፋቱን በእሱ እናላክካለን።

የወላጅ ስጋት ከንቱ ነው አልልም። በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊ ያደገ ትውልድ፣ በቀይ ሽብር ወቅት በሌሊት በር ሲንኳኳ የሰማ ትውልድ ሌሊትን ቢፈራ አይፈረድበትም። ነገር ግን ያ ፍርሃት ልጁን «ማነው ያንኳኳው? ማንን ወሰደ? ለምን?» ብሎ ከመጠየቅ ሊከለክለው አይገባም። የምርመራ ልቦለድ የሚያስተምረው ይህንኑ ነው፤ ወሬን ከማስረጃ መለየት፣ ምስክርን ማመሳከር፣ ትልቅ ሰው ስለተናገረው ብቻ አለማመን። ይህ ብልግና ከሆነ ሥነ ምግባር የምንለው ምንድን ነው?

«የኛ አገር ሌሊት ምን ምሥጢር አለውና?» የሚል ደራሲ ካለ ወደ ጫጫ ይምጣ። በደሴ መንገድ ደብረ ብርሃን ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ያገኛታል። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ሰማዩ ግን ለሚያይ ሰው ክፍት ነው። አጠገቧ ያለችው ደብረ ብርሃን ስሟን ያገኘችው በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ከሰማይ ታየ ከተባለ ብርሃን ነው። ብርሃኑ የታየው ደቂቀ እስጢፋኖስ በድንጋይ ተወግረው ከተገደሉ በኋላ መሆኑም ይተረካል፤ ንጉሡ ፍርዳቸው በሰማይ እንደጸደቀ ቆጠሩት። ብርሃኑ እ.ኤ.አ. በ1456 የታየው የሃሌ ጅራታም ኮከብ ይሆናል ያሉ የታሪክ ጸሐፊ አሉ። ሆኖም በትውፊት የሚነገረው ቀን መጋቢት 10 ሲሆን ኮከቡ የታየው ከዚያ ዘግይቶ ነው።

ሟች አለ፤ ፈራጅ አለ፤ ምስክር አለ፤ የማይገጥም ቀንም አለ። ከዚህ የበለጠ ምን መነሻ ይፈለጋል? አራት የጫጫ ተማሪዎች ጋቢያቸውን ተከናንበው ሌሊት ሰማይ ሲያዩ፣ ቀን ከመነኩሴውም ከታሪክ መምህራቸውም ዘንድ እየሄዱ ቀኑን ሲያመሳክሩ የሚያሳይ ልቦለድ ማንን ያበላሻል?

ደራስያን ሆይ፣ ለእነዚህ ልጆች መጻፍ ክብር አይቀንስም። አሳታሚዎችም «ገበያ የለውም» ከማለታችሁ በፊት አንድ መጽሐፍ አውጥታችሁ ሞክሩ። ወላጆች ደግሞ ከትራስ ሥር ያገኛችሁትን መጽሐፍ ከመንጠቃችሁ በፊት አንብቡት። ገዳዩ ማን እንደሆነ ሳታውቁ መብራት ማጥፋት ከቻላችሁ ያኔ ፍረዱ!