ጨው ከሱቅ አይበቅልም

ባለፈው ሰሞን ለማስተማር ልምምድ በወጣሁበት ትምህርት ቤት አንዲት የሦስተኛ ክፍል ልጅ «ቲቸር፣ ጨው ከየት ነው የሚመጣው?» ብላ ጠየቀችኝ። ድንገት ስለሆነብኝ «ከሱቅ» ብዬ አለፍኳት። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ማታ ግን አፈርኩ።

ለካስ መልሱ ከእኛው ደጅ ይጀምራል። ሐዋሳ የተቀመጠችበት ታላቁ ስምጥ ሸለቆ ወደ ሰሜን ምሥራቅ እየወረደ ሄዶ አፋር ውስጥ፣ ዳሎል አካባቢ፣ ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ይዘቅጣል። በጥንት ዘመን ቀይ ባሕር ገብቶበት ነበር፤ ውሃው ተንኖ ጨው ቀረ። አባቶቻችን እንደ ገንዘብ የተገበያዩበት አሞሌ የተቆረጠው ከዚያው ነው። ዛሬም በአሳሌ የጨው ሜዳ ላይ ላብ አደሮች በዚያ ሐሩር ጨዉን በእንጨት እየፈነቀሉ፣ በመጥረቢያ እየጠረቡ በግመል ይጭናሉ። በየሱቁ የምንገዛው ጨው ደግሞ አብዛኛው ከአፍዴራ የሚመጣ ነው፤ ጨዋማውን ውሃ ገንዳ ውስጥ አስገብተው በፀሐይ ያደርቁታል። እንቅርትን ለመከላከል አዮዲን የሚጨመርበትም ይኸው ጨው ነው።

ሀብቱ ጨው ብቻ አይደለም። ለማዳበሪያ የሚሆነውን ፖታሽ ወደ ቀይ ባሕር ለማውጣት ጣሊያኖች በ1910 ዓ.ም. ገደማ ሐዲድ ዘርግተው ነበር። የዳሎልን ቢጫና አረንጓዴ ምድር፣ የኤርታ አሌን እሳተ ገሞራ ለማየት ከዓለም ዙሪያ ሰው ይመጣል። በ2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲነሳ ግን ጎብኚው ቀረ፤ ከጎብኚ የሚገኘው ገቢም አብሮ ደረቀ።

አንድ ጓደኛዬ «ማሽን ቢገባ ሁሉም ይቃለላል» ይለኛል። ልክ ነው፣ ድካሙን ያቃልላል። ነገር ግን በጨው የሚያድረው ሰው ከነግመሉ የት ይግባ? እኔ የምለው፣ ማሽኑም ኩባንያውም ይግባ፤ ግን አስቀድሞ ለአካባቢው ልጆች ሥራው፣ ንጹሕ ውሃው፣ ክሊኒኩና ትምህርት ቤቱ ይታሰብ። ሀብት ማለት ከመሬት የወጣው ብቻ ሳይሆን ለቆፋሪው የተረፈውም ጭምር ነው።

እኛ እጩ መምህራንስ? ዳሎልን «ሞቃት በረሃ» ብለን በአንድ መስመር ጽፈን ሰሌዳውን ባንጠርገው ይሻላል። ከጨው ጀርባ ያለውን ሰው ጭምር እናስተምር። «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፤ አለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይጥሉሃል» የሚባለው ለመምህርም ይሠራል። እኔ በሚቀጥለው ልምምድ ለዚያች ልጅ መልሷን ይዤላት እሄዳለሁ።

ከአንድ እጩ መምህር