የዓሣን ሻጋታ በቀለም መፈወስ ይገባልን?

በኖርዌይ አገር፣ በሒትራ ደሴት፣ የግሮንትቬት ወንድማማቾች ሳልሞን የተባለውን ዓሣ በባሕር ላይ በተዘረጋ መረብ ውስጥ ማርባት የጀመሩት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1970 ዓ/ም ነበር። ዛሬ ያች አገር በያመቱ ከ1 ሚሊዮን ቶን በላይ ሳልሞን ታመርታለች። ሀብቱ ሲሰፋ ግን አብሮት የሰፋ ጠላት አለ፤ እርሱም ሻጋታ ነው። ባሕር የሌለው አገር ሰው ምን አገባው የሚል አንባቢ ቢኖር፣ ነገሩ ፈቃድ ሰጪው ሹም የሚፈርምበትን ወረቀት የሚነካ ነውና ጥቂት ይታገሠን።

ሳልሞን የሚፈለፈለው ጨው በሌለው ውሃ ነው። ሳፕሮሌግኒያ የተባለው፣ በመልኩ ሻጋታ መስሎ በዘሩ ግን ከእውነተኛው ሻጋታ የተለየው ተሐዋሲ የሚበረታበትም በዚሁ ጊዜ ነው። አንዲት እንቁላል ስትሞት ነጭ ጥጥ የመሰለ ነገር ይበቅልባታል፤ ጥጡም ደኅነኞቹን ጎረቤቶቿን ይይዛል። ይህን ለማጥፋት አርቢዎች ከ1930ዎቹ ዓመታት ጀምሮ የያዙት ማላካይት ግሪን የተባለውን የጨርቅ ማቅለሚያ ነበር። ርካሽ ነው፤ ይሠራልም። ነገር ግን በዓሣው ሥጋ ውስጥ መልኩን ለውጦ ለረጅም ጊዜ ይቀመጣል፤ ካንሰር ያመጣል ተብሎም ስለሚፈራ የአውሮፓ ኅብረት ለምግብ በሚሆን ዓሣ ላይ እንዳይውል ከልክሏል።

አርቢዎች ክልከላው ጎዳን ይላሉ፤ ሐሰት አይደለም። ቀለሙ ከቀረ በኋላ በሽታው እንደገና አይሎባቸዋል። ይሁን እንጂ እኛ ክልከላው ትክክል ነበር እንላለን። የአርቢው ኪሣራ በሒሳብ መዝገቡ ይታያል፤ የበላተኛውን ጉዳት ግን የሚመዘግብ የለም። በምትኩ የተያዘው ፎርማሊንም ቢሆን ለሚተነፍሰው ሠራተኛ ደግ ነገር አይደለም።

ሻጋታው አብዛኛውን ጊዜ የሚገባው በቁስል ነው። ሸካራ መረብና የቸኮለ እጅ የዓሣውን ልጋግና ቅርፊት ሲገፉት በሩ ተከፈተ ማለት ነው። መጨናነቅም ዓሣውን ያደክመዋል። የኖርዌይ ሕግ በባሕር መረብ ውስጥ በ1 ሜትር ኩብ ውሃ ከ25 ኪሎ በላይ ሳልሞን እንዳይኖር ይወስናል፤ ለሻጋታ ተብሎ የወጣ ባይሆንም ለዚህም ይረዳል።

ባሕር ከገባ በኋላ ጨዉ ሳፕሮሌግኒያን ይገታዋል። ኤክሶፊያላ የተባለው ጥቁር ሻጋታ ግን በባሕርም ውስጥ የዓሣውን ኩላሊት ያጠቃል፤ አስተማማኝ መድኃኒትም የለውም። ኢክትዮፎነስ የተባለው ሌላው ተሐዋሲ፣ በ1991 ዓ/ም በሰሜን አውሮፓ ባሕር ሄሪንግን የፈጀው፣ ወደ እርባታ የሚገባው ጥሬ ዓሣ ለቀለብ ሲሰጥ ነው፤ ቀለቡን ማብሰል ይገድለዋል። እሳት ከፋርማሲ ይረክሳል።

ስለዚህ የመድኃኒት ፈቃድ ማመልከቻ የቀረበለት ወጣት ሹም አስቀድሞ የሞቱ እንቁላሎች በየስንት ቀኑ እንደሚለቀሙ፣ መረቡ ምን ዓይነት እንደ ሆነ፣ ቀለቡም ከየት እንደሚመጣ ይጠይቅ። ዓሣው እየሞተ ጥያቄ ይቆይ የሚባል አይደለምና፣ ወረቀቱን ትቶ በዚያው ዕለት ወደ ገንዳው መሄድ አለበት።