ቁልፉን ከምስማሩ ላይ አውርዱት

ለመጋዘን ባለቤቶች፣ ለንብረት ክፍል ኃላፊዎችና ለፈረቃ አለቆች፤

ቃሊቲ አካባቢ ባሉ መጋዘኖች 11 ዓመት ሠርቻለሁ፤ መጀመሪያ ጫኝና አውራጅ ነበርኩ፣ አሁን ዕቃ ተረካቢ ነኝ። የምጽፍላችሁ ስለ አንድ ምስማር ነው። በሠራሁባቸው መጋዘኖች ሁሉ በሩ አጠገብ የስታከሩ፣ የዕቃ ማንሻው ማሽን፣ ቁልፍ የሚንጠለጠልበት ምስማር አለ። ኮንቴይነር ሲገባ ለምስማሩ የቀረበው ሰው ቁልፉን አንሥቶ ይነዳል። ጠዋት ጆንያ ሲሸከም የዋለ ልጅ ከሰዓት ማሽን ነጂ ይሆናል። አለቃው ዝም ይላል፤ ሲጠየቅም «ጋሪ ማለት እኮ ነው» ይላል።

ጋሪ አይደለም። ስታከር ባዶውን ከአንድ ቶን በላይ ሊመዝን ይችላል፤ ሌላ አንድ ቶን ተኩል ሊሸከም፣ ጭነትም ከሰው ቁመት እጥፍ ከፍ አድርጎ ሊሰቅል ይችላል። የፎርክሊፍት ነጂ ስትቀጥሩ ፈቃድ ትጠይቃላችሁ። ስታከሩ መቀመጫ ስለሌለውና ነጂው በእግሩ አብሮት ስለሚሄድ ግን ማንም የሚችለው ይመስላችኋል። አደገኛ ያደረገው ደግሞ ይኸው በእግር መሄዱ ነው። የፎርክሊፍቱ ነጂ ቢያንስ ከብረት ከለላ ሥር ተቀምጧል። የስታከሩ ነጂ ግን ጠባብ መተላለፊያ ላይ በማሽኑና በመደርደሪያው መካከል ቆሟል፤ የሚከልለው ነገር የለም።

ባለፈው ዓመት ያየሁትን ልንገራችሁ። ልጁ ገና 20ዎቹን የጀመረ ነው። ሁለት ደርብ ካርቶን ጭኖ እጀታውን ይዞ ወደ ኋላው እየተራመደ ይስባል፤ ዓይኑ ካርቶኑ እንዳይወድቅበት ካርቶኑ ላይ ነው። ጀርባው የመደርደሪያው ብረት ላይ ደረሰ። ማሽኑ ግን አልቆመም። የእጀታው ራስ ሆዱ ላይ ገባ። ሰው ሲደነግጥ እጁን አይለቅም፣ ይጨብጣል፤ እሱም ጨበጠ፣ አውራ ጣቱ ማሽኑን ይበልጥ ነዳው። እኛ ሮጠን ደርሰን ቁልፉን እስክንዘጋው ድረስ ያለፈው ምናልባት አራት አምስት ሴኮንድ ነው። ሁለት የጎድን አጥንቱ ተሰበረ፤ ሦስት ሳምንት ሆስፒታል ተኛ።

ማታ ሁሉም ሲሄድ ተመልሼ ማሽኑን አየሁት። እጀታው አናት ላይ፣ ከነጂው ሆድ ፊት ለፊት፣ የእጅ መዳፍ የሚያህል ቀይ በተን አለ። የተሠራው በትክክል ለዚያች ቅጽበት ነው፤ ሆድ ሲነካው ማሽኑ ከሰውየው ወዲያ ይሸሻል። የእኛው ላይ ጥቁር ናስትሮ ሦስት አራት ዙር ተጠምጥሞበት ነበር፤ ናስትሮው አቧራና ቅባት ጠጥቶ ጠርዙ ተላልጧል፣ ብዙ ወር የቆየ ነው። ሥር ያለው ሽቦም ተቆርጧል። ማን እንዳደረገው ጠየቅሁ። «ሲነካ ወደ ኋላ እየሄደ ሥራ ሲያበላሽብን ነው» አሉኝ። ተንኮል አልነበረባቸውም። ያ በተን ምን እንደሆነ የነገራቸው ሰው የለም፤ ላልተነገረው ሰው ብልሽት ነው የሚመስለው።

ስለዚህ ክርክሬ ናስትሮውን ከጠመጠሙት ልጆች ጋር አይደለም። ቁልፉን ምስማር ላይ ከሚሰቅለው አሠራር ጋር ነው። ማሽኑ ባለቤት የለውም፤ ሃያ ሰው ይነዳዋል፣ አንድም የሚመረምረው የለም። እጀታው ሲለቀቅ ወደ ላይ ተመልሶ ፍሬን መያዝ አለበት፤ ስንት ማሽን ላይ ስፕሪንጉ ላልቶ መሐል ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል? ሰሌዳው ላይ 1,500 ኪሎ ተጽፏል። ከሥሩ ያለውን ሠንጠረዥ የሚያነብ ግን የለም፤ ሹካው ወደ ላይ በወጣ ቁጥር የሚችለው ክብደት ይቀንሳል። ባለ 50 ኪሎ ጆንያ 30 ደርድሮ ከመሬት ማንሳት ይቻል ይሆናል፣ ያንኑ ሦስተኛው መደርደሪያ ላይ መስቀል ግን ማሽኑን ከነጭነቱ መገልበጥ ነው። ቆጠራ ሲደርስ ደግሞ ሰው ፓሌት ላይ አቁመን እናነሳለን። እኔም ወጥቻለሁ፣ እውነቱን ለመናገር፤ ያኔ የሚያስፈራ ነገር መሆኑን የነገረኝ አልነበረም።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው ሠራተኛው ከሥራው ስለሚመጣበት አደጋና ስለ ጥንቃቄው እንዲያውቅ የማድረግ ግዴታ አለበት ይላል። የመከላከያ መሣሪያ መስጠትንና የደረሰን አደጋ መዝግቦ ማሳወቅንም ይጨምራል። አንቀጹ ቋሚውን ከቀን ሠራተኛው አይለይም። የዚያ ልጅ አደጋ የትኛው መዝገብ ላይ እንደሰፈረ እስከ ዛሬ አላየሁም።

የምትሰጡትን መልስ አውቀዋለሁ፤ ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ኮንቴይነሩ ቶሎ ካልተመለሰ ይከፈልበታል፣ ሹፌሩ በር ላይ ይጮኻል፣ የቀን ሠራተኛው ነገ ላይመጣ ይችላል፣ ማንን አሠልጥነን እንዘልቃለን? ሁሉም እውነት ነው። እኔም ሁሉንም ሰው አሠልጥኑ አላልኩም። ለእያንዳንዱ ፈረቃ ሁለት ሰው መድቡ፤ በስም። ቁልፉ በእነሱ ኪስ ይሁን። ማሽኑን ያስመጣችሁበት ድርጅት ባለሙያ ልኮ ግማሽ ቀን ያሳያቸው፤ ስትገዙ ካልጠየቃችሁ አሁን ጠይቁ። ጠዋት ሥራ ሳይጀመር ፍሬኑን፣ ቀዩን በተን፣ ሰንሰለቱን፣ የዘይት መፍሰሱን ይዩ፤ በተኑ ካልሠራ ማሽኑ ያን ቀን አይነዳ። ሹካው ሥር ማንም አይቁም። ነጂው ከእጀታው ፊት ሳይሆን ከጎን ሆኖ ይራመድ፣ የሚሄድበትንም ይይ።

የተጎዳው ልጅ ተመልሷል፤ አሁን በር ላይ የመኪና ታርጋ ይመዘግባል፣ ዕቃ ማንሳት አይችልም። የእኛው ምስማርም እንዳለ ነው። ያለፈው ሐሙስ ኮንቴይነር ገብቶ ቁልፉን ያነሣው ልጅ ሥራ ከጀመረ ሦስተኛ ቀኑ ነበር። ቁልፉን ተቀበልኩትና ልጁን ከነማሽኑ ወደ ባዶው ቦታ ወሰድኩት፤ በተኑ ምን እንደሆነ ነገርኩት፣ ፍሬኑ እንዴት እንደሚይዝ አሳየሁት፣ ሠንጠረዡን አብረን አነበብን። የፈረቃው አለቃ መኪናው እየጠበቀ ነው አለኝ። ይጠብቅ አልኩት። ሃያ ደቂቃ ነው የፈጀብን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ዕቃ ተረካቢ፣ አዲስ አበባ