ይበላሻ!

እስቲ የልጅነት ቤታችሁን አስታውሱ። ሳሎን ጥግ ላይ ጠረጴዛ አለ። ጠረጴዛው ላይ ጀርባው የወፈረ ሞኒተር፣ ሞኒተሩ ላይ ደግሞ እናታችን በእጇ የሠራችው ዳንቴል። ዳንቴሉን ለመግለጥ ፈቃድ ያስፈልጋል። ፈቃድ ሰጪው አባታችን ናቸው፤ እሳቸው ግን ማብሪያው የት እንደሆነ እንኳ በቅጡ አያውቁትም። እኛ እናውቀዋለን። አንነካውም እንጂ! ‹‹ይበላሻል!›› የምትባል አንዲት ቃል የትውልዳችንን የኮምፒውተር ትምህርት ጀምራ ጨርሳዋለች።

ዛሬ ዳንቴሉ የለም። ላፕቶፑ ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ከጋቢ ስር ተደብቆ ይኖራል። ቃሏ ግን እንዳለች አለች። የሚያሳፍረው ደግሞ አሁን የምንናገራት እኛው መሆናችን ነው። አክስትና አጎት፣ አንዳንዶቻችንም ወላጅ ሆነን፣ የስምንት ዓመት ልጅ ኪቦርድ ላይ ጣቱን ሲያሳርፍ ‹‹አንተ! እጅህን ሰብስብ!›› እንላለን።

እኛ የምንለው ተቃራኒውን ነው። ልጅ ባለበት ቤት ያለ ኮምፒውተር መበላሸት አለበት። ደጋግሞ መበላሸት አለበት። የአዋቂው ሥራ ልጁን ማስፈራራት ሳይሆን ማሽኑን በግማሽ ሰዓት ወደነበረበት የሚመለስ አድርጎ ማሰናዳት ነው። ይህን ሳያሰናዳ ልጅ የሚቆጣ ሰው፣ የራሱን ስንፍና ነው በልጁ ላይ የሚወጣው።

ለመሆኑ ‹‹ተበላሸ›› ስንል ምን ማለታችን ነው? ልጁ ሻይ ቢደፋበት ወይም ከጠረጴዛ ላይ ቢጥለው፣ እሺ፣ ተበላሸ፤ ገንዘብ ያስወጣል። ቋንቋውን ቻይንኛ አድርጎት መመለስ ቢያቅተው ግን? የማያውቀውን ፎልደር ቢሰርዝ? ከጓደኛው ፍላሽ የመጣ ጌም ጭኖ ማሽኑ አልነሳ ቢል? ብረቱ አልተነካም። የተነካው ብረቱ ላይ የተጻፈው ነው፤ የተጻፈ ነገር ደግሞ ቅጂ ካለው እንደገና ይጻፋል።

ቅጂ የለንም፤ ፍርሃቱ የሚመጣው ከዚያ ነው። ቅጂ ስለሌለን ማሽኑ ባንገራገረ ቁጥር ወደ ሰፈሩ ኮምፒውተር ጠጋኝ እንሮጣለን። ቴክኒሺያኑ ሁለቴ ጠቅ ጠቅ ያደርግና ‹‹ማዘር፣ ይሄ ፎርማት ይፈልጋል›› ይላል። ማዘር ፎርማት ምን እንደሆነ አታውቅም። ‹‹ብቻ ይሥራልኝ›› ትላለች። ማሽኑ በማግስቱ እንደ አዲስ ተወልውሎ ይመጣል፤ ከውስጡ ግን የነበረው ሁሉ የለም።

ይህ ከመካከላችን የአንዱ ቤት ደርሷል። የጠፋው የአያቱ የመጨረሻ የፋሲካ ፎቶዎች ነበሩ፤ ሌላ ቦታ አልነበሩም። ጥፋተኛው ወዲያው ተገኘ፦ ጌም የጫነው የዘጠኝ ዓመቱ ልጅ! ቴክኒሺያኑ ‹‹ፎቶ አላችሁ ወይ?›› ብሎ አልጠየቀም፤ ብቸኛ ቅጂያቸውን ልጅ በሚጫወትበት ማሽን ላይ ያስቀመጡትም አዋቂዎቹ ነበሩ። እነሱን ግን ማንም አልተናገራቸውም። ልጁ ዛሬ ሠላሳን ሊደፍን ነው። ቢሮ ውስጥ አንድ ያላየው መስኮት ብቅ ሲልበት እጁን ከማውሱ ላይ አንስቶ ሰው ይጠራል። ስንስቅበት ይስቃል። ግን ያስታውቅበታል።

በጣም የሚያናድደው፣ መድኃኒቱ ያኔም ነበረ። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ዊንዶውስ ኤክስፒ ‹‹ሲስተም ሪስቶር›› የሚባል ነገር ይዞ መጥቷል። ሲስተሙን ከጥቂት ቀናት በፊት ወደነበረበት ይመልሳል፤ ማይ ዶክመንትስ ውስጥ ያለውን ደግሞ አይነካም። ሁሉን ቫይረስ አያድንም፤ ብዙ የልጅ ጥፋት ግን ያስተካክላል። እዚያው ማሽናችን ውስጥ፣ አክሰሰሪስ ስር ተቀምጦ እኛ ስንገረፍ ያይ ነበር!

የኢንተርኔት ካፌ ባለቤቶች ግን ነቅተው ነበር። ሰዓቱ አጠገብ የነጭ ድብ ምስል የተቀመጠባቸውን ማሽኖች የምታስታውሱ ትኖራላችሁ። ዲፕ ፍሪዝ ይባላል። ቀኑን ሙሉ የፈለግኸውን ጫን፣ ሰርዝ፣ በቫይረስ አጥለቅልቀው፤ ሪስታርት ሲደረግ ሁሉም እንዳልነበረ ይሆናል። (ሲቪያቸውን ዴስክቶፕ ላይ አስቀምጠው መብራት የጠፋባቸው ምሩቃን ይህን ድብ እስከ ዛሬ ይረግሙታል።) ባለካፌው በሰዓት ለሚከፍል እንግዳ ያሰናዳውን ይቅርታ፣ ቤታችን ለገዛ ልጁ አላሰናዳም።

ትምህርት ቤቱም የተሻለ አይደለም። የብዙዎቻችን ትዝታ ጫማ ወልቆ የሚገባበት፣ ቁልፉ አንድ መምህር ኪስ ውስጥ ያለ፣ ለሦስት ተማሪ አንድ ማሽን የሚደርስበት ክፍል ነው። ፈተናው ወረቀት ላይ ነው፦ ‹‹የኮምፒውተር ክፍሎችን ዘርዝር።›› ዋና እንዲህ ቢሰጥ ኖሮ ሁላችንም የውኃን ጥቅም ዘርዝረን እንሰምጥ ነበር።

ልጅ ሲለቀቅ ምን እንደሚያደርግ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2012 ‹‹አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ›› የተባለው ድርጅት ወንጪና ወለንጪቲ አካባቢ በሚገኙ ሁለት መንደሮች፣ ፊደል ላልቆጠሩ ሕፃናት ታብሌቶችን በታሸገ ካርቶን አድርጎ ሰጠ። አስተማሪ የለም፣ ማብራሪያም የለም። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ በዚያው ዓመት እንደተናገሩት፣ ማብሪያው በደቂቃዎች ውስጥ ተገኘ፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ደግሞ ልጆቹ ተዘግቶ የመጣውን ካሜራ አስከፈቱት፣ እንዳይቀየር የተቆለፈውን ገጽም ቀየሩት። ፈረንጅ በኛ ልጆች ሲደነቅ ትንሽ ማጋነን ይኖርበታል እንበል። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፦ እዚያ መንደር ‹‹ይበላሻል!›› የሚል ባለሙያ አልነበረም።

እንግዲህ ወደ ሥራው። ያገለገለ ላፕቶፕ ይበቃል፤ እንዲያውም ይመረጣል። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 የዊንዶውስ 10ን መደበኛ ድጋፍ አቁሟል፤ ብዙ አሮጌ ማሽን ደግሞ ዊንዶውስ 11ን በወጉ መቀበል አይችልም። ስለዚህ ሊኑክስ ሚንት ጫኑበት፤ ነፃ ነው። ለትንንሾቹ ጂኮምፕሪና ተክስ ፔይንት፣ ለታላላቆቹ ሊብሬ ኦፊስና አብሮት የሚመጣው ፓይተን፣ በኪዊክስ ደግሞ ያለ ኢንተርኔት የሚነበብ የአማርኛ ዊኪፒዲያ። አማርኛ መጻፊያውን አስተካክሉ። ሁሉም ሲሠራ፣ ልጁ ገና ሳይነካው፣ ክሎንዚላ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም የዲስኩን ሙሉ ምስል ውጫዊ ዲስክ ላይ አንሱ። የተጻፈበትን ክፍል ብቻ ስለሚገለብጥ ብዙ ቦታ አይበላም።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር እንለምናችኋለን። ክሎንዚላ ምንጩና መድረሻው የቱ እንደሆነ ሲጠይቃችሁ ረጋ በሉ። ከመካከላችን አንዷ አቀያይራ ባዶውን ዲስክ በሙሉው ላይ ገልብጣዋለች፤ ስሟን አንጠራም፣ ይህን አንቀጽ እየጻፈች ያለችው እሷ ናት። ሁለተኛ፣ ምስሉን አንድ ጊዜ እውነት መልሳችሁ ሞክሩት። ያልተሞከረ ቅጂ እንዳለ አይቆጠርም። ከዚያ ውጫዊው ዲስክ ተነቅሎ ቁም ሳጥን ይግባ። ከጋቢው ስር መደበቅ ያለበት እሱ ነው፤ ላፕቶፑ ይውጣ።

የቤተሰብ ፎቶ፣ የመሬት ካርታ ስካን፣ የአባባ የጡረታ ደብዳቤ እዚያ ማሽን ላይ አይግባ። በምንም ምክንያት! የልጁ ሥዕሎችና ጽሑፎች ደግሞ ለብቻቸው ፍላሽ ላይ ይቀመጡ፤ ምስሉ ሲመለስ እነሱ አብረው እንዳይጠፉ። ይህ ከተሟላ የአስተዳዳሪውን ፓስዋርድ ለልጁ ስጡት። አዎ፣ ስጡት። ሲያበላሸው አትቆጡት፤ ዲስኩን አምጡና እሱ ራሱ እንዲመልሰው አጠገቡ ተቀመጡ። በሦስተኛው ጊዜ እናንተን አይጠራም።

‹‹ስልክ አለው፣ ምን አነሰው?›› የሚሉን አሉ። ስልክ የተሠራው ልጅ እንዲያይበት እንጂ እንዲፈታታው አይደለም፤ አውራ ጣቱን ወደ ላይ እያንሸራተተ ሦስት ሰዓት የተቀመጠ ልጅ ምንም አላበላሸም፣ ምንም አልሠራምም። ‹‹ኢንተርኔት ላይ ብልግና አለ›› የሚሉት ግን ያሳሰባቸው ነገር ከባድ ነው፤ ምስል መመለስ እሱን አይፈታም። ማሽኑ ሳሎን ይቀመጥ፤ ከላይ የዘረዘርነው ሁሉ አንዴ ከተጫነ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ዋጋውስ? ፕሮግራሞቹ ነፃ ናቸው። በየጊዜው ለፎርማት የምትከፍሉት ተጠራቅሞ ውጫዊ ዲስክ ይገዛል።

የቀረው ጊዜ ነው። መብራት ካለ አንድ ቅዳሜ ይበቃል፤ ከሌለም ባትሪው የሚይዝ ጎረቤት አይጠፋም።