ጎግል ላይ አንደኛ የወጣው ሐኪም አይደለም!



የዛሬው ጽሑፍ ስለ አንድ በሽታ አይደለም። በምርመራ ክፍሌ ውስጥ ደጋግሜ ስለምሰማት አንዲት ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ዶክተር፣ ጎግል ላይ መጀመሪያ የወጣው እንደዚህ ነው የሚለው።»

ይህን የሚሉኝን ወላጆች አልቆጣም። ሌሊት ልጅ ሲታመም ስልክ አንስቶ መፈለግ የፍቅር ሥራ ነው። የምቆጣው አንደኛ መውጣትን ሙያቸው አድርገው ለጻፉት ነገር ግን ኃላፊነት በማይወስዱ ሰዎች ላይ ነው። በእኛ በሐኪሞችም ላይ ነው። ምክንያቱን ልንገራችሁ።

ከጥቂት ጊዜ በፊት አንዲት እናት የ24 ቀን ሴት ልጇን ታቅፋ መጣች። ሕፃኗን ያተኮሳት ከሁለት ቀን በፊት ሌሊት ላይ ነበር። አያትየዋ «ልጅቷ አልተመቻትም፣ ሲነጋ ሐኪም ቤት እንሂድ» ብለው ነበር። እናትየዋ ግን ስልኳ ላይ «የሕፃን ትኩሳት በቤት ውስጥ ማከሚያ» ብላ ጽፋ መጀመሪያ የመጣውን ከፈተች። «ትኩሳት ሰውነት በሽታን እየተከላከለ መሆኑን የሚያሳይ ነውና አይደናገጡ፤ ለብ ባለ ውኃ በራሰ ጨርቅ ይጥረጉ፤ ከ2 እስከ 3 ቀን ይጠብቁ» ይላል። እሷም እንደተባለችው አደረገች። በሦስተኛው ቀን ልጅቷ ጡት መጥባት አቆመች።

ከጀርባዋ ፈሳሽ ወስደን መረመርን። ማጅራት ገትር ነበር። ተኝታ በደም ሥር መድኃኒት ተሰጣት፤ እግዚአብሔር ይመስገን ተረፈች። ነገር ግን ማጅራት ገትር የመስማት ችሎታን ሊጎዳ ስለሚችል ጆሮዋን አሁንም እየተከታተልን ነው። እናትየዋ እያለቀሰች «እናቴን ብሰማ ኖሮ» ስትል መልስ አጣሁላት።

ያን ጽሑፍ እዚያው በስልኳ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ውሸት ነው ማለት አልችልም። ለአራት ዓመት ልጅ ቢሆን አብዛኛው ያስኬዳል። «የሕፃን ትኩሳት» የሚለው ሐረግ በርዕሱ አለ፣ በየንዑስ ርዕሱ አለ፣ በየአንቀጹ አለ። ከሃያ ጊዜ በላይ ቆጥሬ ተውኩት። የሌለችው አንዲት መስመር ብቻ ናት፦ «ልጅዎ ከ3 ወር በታች ከሆነና ሙቀቱ 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ይህን ማንበብ ትተው አሁኑኑ ሐኪም ቤት ይሂዱ።»

በአማርኛ «ሕፃን» ስንል የ24 ቀኗም ሕፃን ናት፣ የ4 ዓመቱም ሕፃን ነው። በሕክምና ግን በሁለቱ መካከል የሰማይና የምድር ያህል ልዩነት አለ። ጸሐፊው ዕድሜ ለይቶ ቢጽፍ ፈላጊው ይቀንስበታል። ስለዚህ ሁሉንም በአንድ መረብ አጠመደ። ጽሑፉ የተጻፈው ለቃሉ እንጂ ለልጅቷ አልነበረም።

አንደኛ የሚወጣው እንዴት ነው?

ይህ ሥራ ስም አለው፤ «ሰርች ኢንጂን ኦፕቲማይዜሽን» ወይም በአጭሩ «ኤስ.ኢ.ኦ» ይባላል። አንድ ጽሑፍ ሰዎች ሲፈልጉ ከላይ እንዲወጣ አድርጎ ማዘጋጀት ማለት ነው። ሰዎች የሚፈልጉባቸውን ቃላት ያጠናሉ፤ ቃላቱን በርዕሱና በጽሑፉ ውስጥ ይበትናሉ፤ ሌሎች ድረ ገጾች ወደ እነሱ እንዲያመለክቱ ያደርጋሉ፣ አንዳንዱም ይህን በገንዘብ ይገዛል። አንድ ቃል ሳይለውጡ የጽሑፉን ቀን ብቻ የሚያድሱም አሉ።

የጎግል መሠረት የተጣለው ላሪ ፔጅና ሰርጌ ብሪን በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ያቀረቡት ሐሳብ በአጭሩ ይህ ነው፦ አንድ ገጽ ወደ ሌላው ሲያመለክት እንደ ድምፅ ይቆጠርለት፤ ብዙ ድምፅ ያገኘ ገጽ የሚሰጠው ድምፅ ደግሞ የበለጠ ይመዝን። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሌሎች መመዘኛዎች ተጨምረዋል። ማሽኑ ግን ዛሬም የሚያየው ምልክት ነው። የልጃችሁን ደረት በማዳመጫ አላዳመጠም፤ ዕድሜውንም ካልነገራችሁት አያውቅም።

በዚያው በ1998 አንድሩ ዌክፊልድ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ 12 ልጆችን ብቻ ያካተተ ጥናት አወጣ፤ የኩፍኝን ክትባት ከኦቲዝም ጋር አያያዘው። መጽሔቱ በ2010 ጽሑፉን ሰረዘው፤ ሰውየውም የሕክምና ፈቃዱን ተነጠቀ። በብዙ አገሮች የተደረጉ ትልልቅ ጥናቶችም ክትባቱ ኦቲዝም እንደማያመጣ አሳይተዋል። ወሬውን የሚያራቡ ገጾች ግን ዛሬም አልጠፉም። ድምፅ መቁጠርና እውነትን መመርመር ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው።

ለጎግል ፍትሐዊ ልሁን። ኩባንያው ራሱ ጤናን የሚነኩ ገጾችን «ገንዘብህ ወይም ሕይወትህ» ከሚላቸው ርዕሶች መድቦ፣ ጥራታቸው በጠበቀ መስፈርት እንዲታይ ለገምጋሚዎቹ መመሪያ አውጥቷል። በነሐሴ 2018 ያደረገው ለውጥም የብዙ የጤና ድረ ገጾችን ደረጃ ከፍ ዝቅ አድርጓል። ይህ ጥሩ ነው። ግን የሚጠቅመው ለመምረጥ የሚበቃ ጥሩ ጽሑፍ ሲኖር ነው። በእንግሊዝኛ ስለ ጨቅላ ሕፃን ትኩሳት የፈለገ ሰው የትልልቅ ሆስፒታሎችና የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበራት የጻፉትን ያገኛል። በአማርኛ ያለው ግን በጣት የሚቆጠር ነው። አምስት ገጽ ብቻ ካለና አምስቱም ደካማ ከሆኑ፣ ከደካሞቹ አንዱ አንደኛ ይወጣል። «ብቻውን የሮጠ የሚቀድመው የለም» ይሉ የለ!

ማይክል ጎሌቢውስኪ የተባለ የማይክሮሶፍት ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2018 ለዚህ ክፍተት «ዳታ ቮይድ» የሚል ስም ሰጠው፤ «የመረጃ ባዶ ቦታ» ልንለው እንችላለን። ባዶ ቦታ ደግሞ ባዶውን አይቀመጥም። የሚሸጠው ነገር ያለው ሰው ቀድሞ ይገባበታል።

አንድ ጊዜ የማስታወቂያ ባለሙያ ነኝ ያለ ሰው ደውሎልኝ ነበር። «ዶክተር፣ አንደኛ እናወጣዎታለን፤ ብቻ ርዕሱን እንደ እኛ ያድርጉት» አለኝ። ምሳሌም ላከልኝ፦ «የጨጓራ ባክቴሪያን በ3 ቀን ድራሹን የሚያጠፋ ውሕድ።» ለጨጓራ ባክቴሪያ የምናዝዘው የመድኃኒት ጥምረት ብዙውን ጊዜ ለ14 ቀን የሚወሰድ ነው። ይህን ስነግረው «14 ቀን የሚል ርዕስ ማን ይከፍታል?» ብሎ ሳቀ። በዚህ ንግድ ውስጥ የበሽተኛው ቦታ የት እንደሆነ ያን ቀን ገባኝ።

«ዶክተር፣ ኤስ.ኢ.ኦ እኮ መሣሪያ ነው፤ በቢላዋ ሽንኩርትም ይከተፋል» የሚለኝ አይጠፋም። ልክ ነው! እኔም የምለው ይህንኑ ነው። ቢላዋውን ለማን ተውነው?

ለሙያ ባልደረቦቼ

እኛ ስንጽፍ «ኒዎናታል ሴፕሲስ» እንላለን። አንዲትም እናት ሌሊት ተነሥታ ይህን ቃል አትጽፍም። የምትጽፈው «ልጄ ጡት አልጠባ አለ»፣ «ልጄ ፍዝዝ አለብኝ»፣ «ግግ ምንድን ነው»፣ «እንጥል ማስቆረጥ» ብላ ነው። በእነዚህ ቃላት እኛ ካልጻፍን፣ የወተት ጥርስ በሽቦ የሚያወጣውና እንጥል በምላጭ የሚቆርጠው ሰው ደጋፊ ይጽፍበታል። ከዚያም «ለምን ዘግይታችሁ መጣችሁ?» ብለን እናቲቱን እንቆጣለን። ይህ ነውር ነው።

አጻጻፋችንም ራሱ ችግር አለበት። አንዷ «ሕፃን» ብላ ትፈልጋለች፣ ሌላዋ «ህጻን»። የሚመጣላቸው ውጤት ሊለያይ ይችላል። ርዕሳችን እናቶች በሚሉት ቃል ይሁን፤ የአደጋ ምልክቱ መጀመሪያ ላይ ይቀመጥ፤ ስማችንና ቀኑ ይጻፍ፤ ስንሳሳት በግልጽ እናርም። ታማኝ ኤስ.ኢ.ኦ ማለት ይኸው ነው። አዲስ አበባ ያለችውም፣ ዱባይ ወይም ዋሽንግተን ሆና በአማርኛ የምትፈልገውም እናት የሚጠብቁን ያው ባዶ ቦታ ላይ ነው።

ለጽሑፍ ነጋዴዎችም አንድ ቃል አለኝ፦ የሕፃናትን ዕድሜ ለይታችሁ የማትጽፉ፣ መቼ ሐኪም ቤት መሄድ እንደሚገባ የማትናገሩ፣ ስማችሁን የማታስቀምጡ ከሆነ፣ እባካችሁ ስለ ስልክና ስለ መኪና ጻፉ። ሕፃናትን ተዉልን።

ወላጆች ሆይ፣ መፈለግ አታቁሙ፤ ግን ከማመናችሁ በፊት እነዚህን እዩ፦

👉 ማን ጻፈው? ስምና ሙያ ከሌለው፣ የሚጠየቅበት ሰው የለም ማለት ነው።

👉 ለስንት ዓመት ልጅ ነው? ዕድሜ ያልጠቀሰ የሕፃናት ምክር በልጃችሁ ላይ አይሞከርም።

👉 «መቼ ሐኪም ቤት ልሂድ?» ለሚለው መልስ አለው? ከሌለው ዝጉት።

👉 መጨረሻው ላይ የሚሸጥ ነገር አለ? ከላይ «ስፖንሰርድ» ወይም «ማስታወቂያ» የሚል ምልክት ካለ ቦታው በገንዘብ የተገዛ ነው።

👉 አሁን አሁን ከሁሉም በላይ በኤ.አይ. የተዘጋጀ ማጠቃለያ ይመጣል። እሱም የሚለቅመው እዚያው ኢንተርኔት ላይ ከተጻፈው ነው፤ ሊሳሳት ይችላል።

ልጃችሁ ከሚከተሉት አንዱ ከታየበት ግን ፍለጋ የለም፣ ጥበቃ የለም! ሌሊትም ቢሆን ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት፦

✔ ከ3 ወር በታች ሆኖ ሙቀቱ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ (ቴርሞሜትር ከሌላችሁና ሰውነቱ ከጋለ አትጠብቁ)
✔ ጨቅላ ሕፃን ሰውነቱ ከቀዘቀዘና አልሞቅ ካለ
✔ ጡት መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው
✔ የወሰደውን ሁሉ የሚያስመልሰው ከሆነ
✔ ካንቀጠቀጠው
✔ ፍዝዝ ካለ ወይም ለመንቃት ከተቸገረ
✔ ቶሎ ቶሎ ከተነፈሰ (ከ2 ወር በታች ላለ ሕፃን በደቂቃ 60 እና ከዚያ በላይ) ወይም ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ ከሰረጎደ

በመጨረሻም፣ ቤታችሁ ውስጥ «ልጁ አልተመቸውም» የሚሉ አያት ካሉ ስሟቸው። ሁልጊዜ ትክክል ናቸው ማለቴ አይደለም፤ ቅቤ ማዋጥና እንጥል ማስቆረጥንም የሚመክሩ አሉና። ግን ጎግል ያላየውን ልጅ እሳቸው በዓይናቸው እያዩት ነው። «ሐኪም ቤት እንሂድ» ካሉ ተነሡ።

ይህን ጽሑፍ አራስ ላለባቸው ቤተሰቦች ሼር በማድረግ አድርሱልኝ። ሌሊት ልጃችሁ ሲታመም ስልካችሁ ላይ ምን ብላችሁ እንደምትጽፉ በኮሜንት ንገሩኝ፤ በራሳችሁ ቃል እየጻፍኩ አንድ በአንድ እመልሳለሁ።