ምላስ ከመበሳታችሁ በፊት ይቺን አንብቡ

ወጣቶች ሆይ! ቲክቶክ ላይ ምላሱን ወይም ከንፈሩን ተበስቶ ብረት ያደረገ ልጅ በታየ ቁጥር ከስር የሚጻፈው ኮሜንት አንድ ዓይነት ነው። "ባህላችን አይደለም"፣ "ፈረንጅ ልሁን ብሎ ነው"፣ "ቤተሰብ የለውም እንዴ?" ሰድበን እንስቅና እናልፋለን። ልጁም ብሎክ አድርጎን ያልፋል። ማን ምን ተማረ? ማንም!

እስኪ እውነቱን እንነጋገር። መበሳት ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በደቡብ ኦሞ የሙርሲ ሴቶች የታችኛውን ከንፈራቸውን በስተው ገል ያደርጋሉ። በሰሜን ድዳቸውን የተነቀሱ እናቶች ዛሬም አሉን። ስለዚህ "የፈረንጅ ነው" የሚለው ክርክር ሩቅ አያስኬድም። ደግሞስ የራሳችን የሆነ ሁሉ ጥሩ ነው እንዴ? እንጥል ማስቆረጥና የወተት ጥርስ ማስነቀል የኛው ልማዶች ናቸው። ሕፃናትን ለደም መፍሰስና ለኢንፌክሽን ስለዳረጉ "ጎጂ ልማድ" ብለን አወገዝናቸው። ያኔ የጠየቅነው ጥያቄ "ከየት መጣ?" የሚል አልነበረም፤ "ሰውን ይጎዳል ወይ?" የሚል ነበር። የአፍ ፒርሲንግንም በዚሁ ሚዛን እንመዝነው።

መጀመሪያ ጥርሳችሁ። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ፣ ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ጽሑፍ ምላሳቸውን ከተበሱት ሰዎች እስከ 44 በመቶው፣ ከንፈራቸውን ከተበሱት ደግሞ እስከ 50 በመቶው ድዳቸው እንደሸሸ አሳይቷል። ምላሳቸውን ከተበሱት እስከ 37 በመቶ የሚሆኑት ጥርሳቸው ላይም ጉዳት ደርሷል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። አፍ ውስጥ ብረት ያለው ሰው ሳይታወቀው ቀኑን ሙሉ በምላሱ ያንቀሳቅሰዋል፣ በጥርሱ ይነክሰዋል። ብረቱ ጥርሱን ይሰነጥቃል፣ ድዱን ይፍቃል። የተሸረፈ ጥርስ መልሶ አያድግም። የሸሸ ድድም በራሱ አይመለስም። ፋሽኑ በዓመቱ ያልፋል፤ ጥርሳችሁ ግን ይቺው ናት።

ሁለተኛ መርፌው። በየጓዳውና በየፀጉር ቤቱ "በአልኮል ጠርጌዋለሁ፣ አታስቡ" የሚላችሁን አትመኑ። አልኮል መጥረግ ማምከን አይደለም። ሄፓታይተስ ቢ የሚባለው ጉበት የሚያጠቃ ቫይረስ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ 7 ቀን መቆየት ይችላል። ክትባቱ በአገራችን ከመደበኛው የሕፃናት ክትባት ጋር መሰጠት የጀመረው በ1999 ዓ.ም ነው። ከዚያ በፊት የተወለዳችሁ ብዙዎቻችሁ በሕፃንነታችሁ አላገኛችሁትም ማለት ነው። በደም በተነካ መርፌ ሄፓታይተስ ሲም ኤች አይ ቪም ይተላለፋል። ሄፓታይተስ ሲ ደግሞ እስከ ዛሬ ክትባት የለውም።

ሦስተኛ ትንፋሻችሁ። ምላስ ደም ስር የበዛበት አካል ነው፤ ሲበሳ ብዙ ሊደማ ይችላል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ማበጡም አይቀርም። ኢንፌክሽን ከገባበትና እብጠቱ ከአገጭ ስር ወደ አንገት ከወረደ መተንፈሻ ሊዘጋ ይችላል። ይህ በሰዓታት ውስጥ ሰው የሚገድል አደጋ ነው።

አራተኛ ልባችሁ። ይቺን በተለይ ልብ በሏት። አፍ በባክቴሪያ የተሞላ ቦታ ነው። ቀዳዳ ሲከፈትበት ባክቴሪያው ወደ ደም ሊገባና የልብ ቫልቭ ላይ ሊያርፍ ይችላል። ጤነኛ ልብ ላይ ይህ ብዙ ጊዜ አይከሰትም። ቫልቩ ቀድሞ በተጎዳ ልብ ላይ ግን ሌላ ታሪክ ነው። በልጅነት በወጉ ያልታከመ የቶንሲል ሕመም የሚያመጣው የሩማቲክ የልብ በሽታ ደግሞ በአገራችን ልጆችና ወጣቶች ላይ በብዛት ይታያል። ብዙዎች እንዳለባቸው እንኳ አያውቁም። ሮጦ የማይደክመው ጓደኛችሁ ቫልቩ ሊጎዳ እንደሚችል ከፊቱ አይታወቅም።

የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር ሳይቀር የአፍ ፒርሲንግን አይመክርም። ፈረንጅን እንከተል ካልን የራሳቸውን ሐኪሞች ምክር ለምን እንተዋለን?

የኔ አቋም አጭር ናት፦ አፋችሁን አትበሱ። ማጌጥ መብታችሁ ነው፤ ጌጥ የሚደረግበት ሌላ ስንት ቦታ አለ። ለተሳዳቢዎቻችን ደግሞ አንድ ነገር ልበል። የሰደባችሁት ልጅ ፒርሲንጉን አያወጣም፤ ይደብቀዋል። ምላሱ ሲያብጥ ለእናቱ አይነግርም፣ ክሊኒክም አይሄድም። "እንዳይሰድቡኝ" ብሎ ክፍሉን ዘግቶ ይተኛል። ሰው የሚሞተው እንዲህ ባለው ዝምታ ነው። ስድባችን አንድም ሰው አላዳነም።

አስቀድማችሁ የተበሳችሁ ካላችሁ ማንም አያሳፍራችሁ። የጥርስ ሐኪም ጋ ሄዳችሁ ድዳችሁንና ጥርሳችሁን አሳዩ። ቁስሉ ከዳነ ኳስ ስትጫወቱና ስትተኙ ብረቱን አውልቁት፤ ድንገት ሊዋጥ ወይም ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ከጓደኛ ጋር ብረት አትለዋወጡ። ሄፓታይተስ ቢ እና ኤች አይ ቪ ተመርመሩ፤ ነፃ ከሆናችሁ የሄፓታይተስ ቢ ክትባቱን ጠይቁ። ትኩሳት፣ መግል፣ ከአገጭ ስር እብጠት፣ ለመዋጥ ወይም ለመተንፈስ መቸገር ካያችሁ "ነገ ይሻለኛል" አትበሉ። ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ሂዱ፤ ለሐኪሙም ተበስቼ ነው ብላችሁ እውነቱን ንገሩት።

ይህን ጽሑፍ ሊበሳ ላሰበ ጓደኛችሁ በውስጥ መስመር ላኩለት። ኮሜንት ላይ ከመሳደብ ይሻላል።