ከተታለላችሁ አትደብቁ

ይህን የምጽፈው በለንደንና በሌሎች የእንግሊዝ ከተሞች ለምትኖሩ፣ ዕድሜያችሁ እንደ እኔ ለገፋ ወንድሞቼና እህቶቼ ነው። ለቅሶ ቤትም ሆነ ማኅበር ስንቀመጥ የማናነሳው ነገር አለ። ከመካከላችን ዕድሜ ልኩን ያጠራቀመውን በአንድ የስልክ ጥሪ የተበላ ሰው አለ፤ ከልጆቹም ከንስሐ አባቱም ደብቆ ብቻውን ይብሰለሰላል። እኔን ከሌባው ይልቅ የሚያስፈራኝ ይህ መደበቅ ነው፤ ሊመለስ የሚችለውን ገንዘብ የሚያስቀረው እሱ ነውና።

የሌባውን አመጣጥ እወቁት። ስልካችሁ ላይ የሚታየው ቁጥር የባንካችሁ ቁጥር ሊሆን ይችላል፤ ዛሬ ያን አስመስሎ መደወል ቀላል ሆኗል። በጨዋ አንደበት ስማችሁንና አድራሻችሁን ይጠራል፤ ሂሳብዎ ላይ ሌባ ገብቷል፣ ገንዘብዎን አሁኑኑ ወደ ሌላ አስተማማኝ ሂሳብ ያዛውሩ ይላል። ባንክ እንዲህ ብሎ አያዝም፤ ጨርሶ አያዝም። ሌላው ደግሞ በዋትስአፕ ልጃችሁን መስሎ ይመጣል፦ «እማዬ፣ ስልኬ ተሰበረ፣ አዲሱ ቁጥሬ ይህ ነው፤ ዛሬ ኪራይ ካልከፈልኩ ያስወጡኛል።» የእናት አንጀት አይችልምና ትልካለች። ሁለቱም ማጣደፍ ያውቃሉ፤ ለማንም እንዳትናገሩም ያስጠነቅቃሉ። ይህን ስትሰሙ ስልኩን ዝጉት። ልጅ ነኝ ላለው በልጃችሁ በድሮው ቁጥር ደውሉ፤ ባንክ ነኝ ላለው 159 ደውሉ። አብዛኞቹ ባንኮች የገቡበት መስመር ስለሆነ ከእውነተኛው ባንካችሁ ጋር ያገናኛችኋል።

ገንዘቡ ከሄደ በኋላስ? በ2018 ባልና ሚስት ተታለው 700,000 ፓውንድ ወደ ተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ላኩ። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በጁላይ 2023 ፍርድ ቤቱ፣ ደንበኛው ራሱ ያዘዘውን ክፍያ ባንኩ መፈጸም አለበት፣ ማዘዙ በመታለል ነበር ተብሎም ባንኩ አይጠየቅም ሲል ወሰነ። ክፍት የተወው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ ይኸውም መታለሉ ከተነገረው በኋላ ባንኩ ገንዘቡን ለማስመለስ ዘግይቶ እንደሆነ ነው። እዚያም ቢሆን ነገሩ የተንጠለጠለው በመናገርና በጊዜ ላይ ነበር።

ከኦክቶበር 7 ቀን 2024 ወዲህ ግን አዲስ ደንብ አለ። ተታላችሁ በእንግሊዝ ውስጥ ከባንክ ወደ ባንክ የላካችሁትን ገንዘብ፣ እስከ 85,000 ፓውንድ ድረስ፣ ባንካችሁ ሊመልስላችሁ ይገደዳል። በ5 የሥራ ቀን ውስጥ መክፈል አለበት፤ ማጣራት ካስፈለገው ቢበዛ እስከ 35 የሥራ ቀን ሊቆይ ይችላል። ግማሹን የሚሸፍነው ሌባው ገንዘቡን የተቀበለበት ባንክ ነው። ለእኔ የደንቡ ትልቁ ፍትሕ ይህ ነው፤ ለሌባ ሂሳብ የከፈተም ዕዳውን ይካፈላል። ባንኩ እስከ 100 ፓውንድ ሊቀንስባችሁ፣ ከባድ ቸልተኝነት አሳይታችኋል ብሎም ሊከለክላችሁ ይችላል።

ነገር ግን ተጋላጭ የሚባል ደንበኛ ላይ 100 ፓውንዱ አይቀነስም፤ የተታለለው በዚያ ተጋላጭነቱ ምክንያት ከሆነም ቸልተኛ ነበርክ ተብሎ አይከለከልም። ተጋላጭ ማለት የታመመ ብቻ አይደለም። ባንኮችን በሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት መመሪያ ሐዘን ላይ ያለ፣ እንግሊዝኛ በደንብ የማይችል፣ በስልክና በኮምፒውተር መጠቀም የማያውቅም ይገባበታል። ስንቶቻችን ነን እዚህ ውስጥ? ባለቤቷን ቀብራ ገና ሐዘን ላይ ሳለች የተዘረፈች እህታችን አላወቅሁም ብላ አንገቷን ልትደፋ አይገባም። ለባንኩ ስትናገሩ ይህን ሁሉ ሳታፍሩ አስመዝግቡ፤ አስተርጓሚም ጠይቁ።

ደንቡ የማይደርስበትንም ስሙ። ከእንግሊዝ ውጭ የተላከ ገንዘብ አይሸፈንም። አዲስ አበባ ቤት አለ፣ መሬት አለ ተብላችሁ በቀጥታ ወደ ኢትዮጵያ ሂሳብ ከላካችሁ ይህ ደንብ አያድናችሁም። በጥሬ ገንዘብ የሰጣችሁትም እንዲሁ ነው። እቁብ በልቶ መክፈል ያቃተው ሰው ጉዳይ ደግሞ የግል ክርክር እንጂ እንዲህ ያለ ማጭበርበር አይደለም። ስለዚህ ለማታውቁት ሰው ወደ ውጭ ከመላካችሁ በፊት ከልጆቻችሁ ጋር ምከሩ፤ እዚያ ላይ ከስህተት በኋላ የሚደርስላችሁ የለም።

አንድ ጊዜ የተዘረፈን ሰው ሁለተኛው ሌባ ይፈልገዋል። ገንዘብዎን አስመልስልዎታለሁ፣ ትንሽ ክፍያ ብቻ ይላኩ ይላል። ለዚህ አንድ ፓውንድ አትስጡ። ለባንኩ ማመልከት በነጻ ነው። ባንኩ አልከፍልም ካለ የመጨረሻ መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉና በ6 ወር ውስጥ የባንክ ደንበኞችን ቅሬታ ወደሚመለከተው ፋይናንሻል ኦምቡድስማን ሰርቪስ ውሰዱት፤ ያም በነጻ ነው፣ ጠበቃም አያስፈልግም።

ደብቃችሁ የተቀመጣችሁ፣ ዛሬ ማታ የባንክ ወረቀታችሁን አውጡና ለሌባው መጨረሻ የላካችሁበትን ቀን እዩ። ለባንኩ ማመልከት የሚቻለው ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ 13 ወር ድረስ ነው። ቀኑ ካላለፈ ነገ ጠዋት ሂዱ፤ ለልጆቻችሁ መንገር ከከበዳችሁ ለእኔ ንገሩኝ፣ አብሬያችሁ እሄዳለሁ።